የሁለት እናቶች ክስ

ፖሊስ ሰው ገድሎ «ራሴን ስከላከል ነው» ቢል፣ የሟች ወገን አቤት የሚለው ወዴት ነው? ይህን ስንጠይቅ የአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ ብዙ ያስተምረናል።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 1969 ገና ሳይነጋ፣ የቺካጎ ፖሊሶች አንድ ቤት ሰብረው ገቡ። የብላክ ፓንተር ፓርቲ መሪ የነበረውን የ21 ዓመት ወጣት ፍሬድ ሃምፕተንንና ጓዱን ማርክ ክላርክን ገደሉ። «የተኩስ ልውውጥ ነበር» አሉ። የፌዴራል ምርመራ ግን ከ80 በላይ ከሚሆኑት ጥይቶች ከውስጥ የተተኮሰው አንድ ብቻ መሆኑን አሳየ። ፍትሕን ለማደናቀፍ ተመሳጥረዋል ተብለው የተከሰሱት ባለ ሥልጣኖችም በ1972 በነጻ ተለቀቁ።

የወንጀሉ በር ሲዘጋ የሟቾቹ እናቶችና ከተኩሱ የተረፉት በፍትሐ ብሔሩ በር ገቡ። በ1871 የወጣ ሕግ፣ የመንግሥት ሹም በሥልጣኑ መብት ቢገፍ ተበዳዩ ራሱ እንዲከሰው ይፈቅዳል። ችሎቱ 18 ወር ፈጀ፤ በ1977 ዳኛው ክሱን ዘጋው፤ በ1979 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መልሶ ከፈተው። የኤፍ ቢ አይ ሰላይ የቤቱን ንድፍ አስቀድሞ ማቀበሉ የተጋለጠው በዚሁ ክርክር ነው።

በ1982 የፌዴራሉ መንግሥት፣ የኩክ አውራጃና የቺካጎ ከተማ 1.85 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ። ጥፋታቸውን አላመኑም፤ በግድያው የታሰረም የለም። ታዲያ እናቶቹ ምን አገኙ? ክስ ሙታንን አያስነሳም፤ እውነት አብራቸው እንዳትቀበር ግን ያደርጋል እንላለን።