ከፊልም የተነቀለ ሥዕል ባለቤቱ ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1894 መጀመሪያ ላይ፥ በአሜሪካ አገር ኒው ጀርሲ ውስጥ በሚገኘው የቶማስ ኤዲሰን የሙከራ ጣቢያ፥ ፍሬድ ኦት የተባለ ሠራተኛ በካሜራ ፊት ሱረት ስቦ አነጠሰ። ጥቂት ሰኮንዶች ብቻ ከወሰደው ከዚህ ድርጊት ተከታታይ ነጠላ ሥዕሎች ተገኙ። የዘመኑ ሕግ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚባል ነገር አያውቅም ነበርና የኤዲሰን ረዳት ዲክሰን ሥዕሎቹን በወረቀት አትሞ እንደ ተራ ፎቶግራፍ አስመዘገባቸው። ሥራው የታሰበው ለአዳራሽ ተመልካች ሳይሆን ሃርፐርስ ዊክሊ ለተሰኘው መጽሔት ነበር። እንግዲህ ከተንቀሳቃሽ ሥዕል ነጠላውን ነቅሎ ማተም ሲኒማ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት የተጀመረ ልማድ መሆኑ ነው።

ንጥቂያውም ብዙ አልዘገየም። በ1902 የኤዲሰን ኩባንያ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት መርከብ ወደ ባሕር ስትወርድ የቀረጸውን ፊልም፥ ሉቢን የተባለ የፊላደልፊያ ነጋዴ አባዝቶ ሸጠው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት እያንዳንዱ ነጠላ ሥዕል ለየብቻው መመዝገብ ነበረበት በማለት ለሉቢን ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው ግን በ1903 ተከታታዩ ሥዕል በሙሉ እንደ አንድ ፎቶግራፍ ይቆጠራል ሲል ፍርዱን ሻረ። ሕጉ ራሱ ፊልምን ለብቻው የሥራ ዓይነት አድርጎ የተቀበለው በ1912 ነው። (ኤዲሰንም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም፤ የፈረንሳዊውን የሜልዬን «ጉዞ ወደ ጨረቃ» ኩባንያው ያለ ፈቃድ አባዝቷል።)

ጥያቄው ይበልጥ የከረረው በሞት ጉዳይ ነው። ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በዳላስ ከተማ ሲገደሉ፥ የልብስ ፋብሪካ ባለቤት የነበረው አብርሃም ዛፕሩደር በግል ካሜራው በ486 ነጠላ ሥዕሎች ሁኔታውን ቀረጸ። ላይፍ መጽሔት ፊልሙን ከነመብቱ በ150,000 ዶላር ገዛው። ጆሳያ ቶምፕሰን የተባለ የፍልስፍና መምህር ስለ ግድያው የጻፈውን መጽሐፍ በ1967 ለማሳተም ሲነሣ ሥዕሎቹን እንዲጠቀም ፈቃድ ተጠየቀ፤ አሳታሚው የመጽሐፉን ትርፍ በሙሉ እከፍላለሁ ቢልም ተከለከለ። ስለዚህ ሠዓሊ ተቀጥሮ ሥዕሎቹ በከሰል ተቀዱ። የመጽሔቱ ኩባንያም ከሰሰ። በ1968 የኒው ዮርኩ ፌዴራል ፍርድ ቤት የቅጂ መብቱ የጸና መሆኑን፥ በከሰል መሣልም መቅዳት መሆኑን ከተናገረ በኋላ፥ ሕዝብ ስለ መሪው አሟሟት የተሟላ መረጃ ማግኘቱ ይጠቅመዋልና አጠቃቀሙ ተገቢ ነው ሲል ፈረደ። ይህን ፍርድ ለማንኛውም ቅጂ እንደ ተሰጠ ነጻነት አድርገው የሚጠቅሱት ይሳሳታሉ። ዳኛው ፊልሙ ባለቤት የለውም አላሉም፤ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ታውቆ ካደረ በኋላ አጠቃቀሙን መዘኑ እንጂ።

ዩቱብ በ2005 ከተመሠረተ ወዲህ ሥዕል ለመንቀል ሠዓሊም ከሰልም አያስፈልግም፤ ቪዲዮውን ማቆም ይበቃል። ቀደም ሲል ክሪኤቲቭ ኮመንስ በ2002 ያወጣቸው የፈቃድ ዓይነቶች ባለሥራው መብቱን ሳይጥል ሌሎች በሥራው እንዲጠቀሙ አስቀድሞ የሚፈቅድባቸው ናቸው፤ ዩቱብም በ2011 ከእነዚሁ አንዱን፥ የባለሥራውን ስም መጥቀስን ግዴታ የሚያደርገውን፥ ከቪዲዮ ጋር ማያያዝ እንዲቻል አደረገ። ይሁን እንጂ ፈቃድ መስጠት የሚችለው የመብቱ ባለቤት ብቻ ነው። የሌላውን የቴሌቪዥን ዜና ቀድቶ በራሱ ስም ከጫነ በኋላ «ነጻ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ለጋስ አይደለም፤ ሉቢን ነው። የእርሱን ቃል አምኖ ሥዕሉን በመማሪያ መጽሐፍ ያተመው መምህርም ሳያውቅ የተሰረቀ ዕቃ ተረክቧል።

ስለዚህም አጣሪው በመጀመሪያ ካሜራውን ማን ያዘው ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎም ቪዲዮው ውስጥ የሌላ ሰው ፎቶግራፍ ወይም የቀለም ሥዕል መግባት አለመግባቱን፥ ፈቃዱም የተጻፈው በዚያው ቪዲዮ ላይ መሆኑን ይመለከታል። በ2004 የተቋቋመው የሥዕል ማከማቻ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ከዚህ ላይ ሁለተኛ ዓይን ይጨምራል፤ ከሥዕሉ አቅራቢ ሌላ የሆነ ሰው ፈቃዱን በዓይኑ አይቶ ያየበትን ቀን ከስሙ ጋር ይመዘግባል። አንድ ጊዜ በዚህ ፈቃድ የተሰጠ ሥራ ከተቀበሉት ሰዎች እጅ አይነጠቅም፤ ባለቤቱ ግን በማግስቱ ጽሑፉን ሊለውጥ ወይም ቪዲዮውን ሊሰርዝ ይችላል። ያን ጊዜ ፈቃዱ እንደ ነበረ የሚመሰክረው ያ ቀንና ያ ስም ነው።