ከወልድያ በኩል የመጣ ሰው

በ1965 ዓ.ም. የደሴን የእህል ዋጋ ብቻ አይቶ ስለ ወሎ የሚፈርድ ሰው ቢኖር፣ አገሩ ደህና ነው ብሎ ሊያድር ይችል ነበር። የእህሉ ዋጋ ከቀደሙት ዓመታት ብዙም ርቆ አልሄደም። እንዲያውም ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን ከራያ፣ ከየጁና ከአምባሰል ቆላ ሰው ልጁን አዝሎ፣ ከብቱን ሸጦና ጨርሶ፣ የወልድያን መንገድ ይዞ ወደ ደሴ ይተም ነበር። መንገድ ላይ የቀረውም ብዙ ነው።

ይህን የደሴን ዋጋ ነገር ለዓለም ያስተዋወቁት የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ናቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተሙት መጽሐፍ ለወሎ ረሃብ አንድ ምዕራፍ ሰጥተው፣ ሕዝብ እያለቀ ዋጋው ለምን እንዳልናረ አስረድተዋል። ገበሬው አዝመራው ሲጠፋበት የሚበላውም የሚሸጠውም አብሮ ጠፋ። ገበያ ወጥቶ እህል የሚያስወድድበት ገንዘብ አልነበረውም። በመሆኑም የተራበው ሰው ከገበያው ሒሳብ ውጭ ሆነ፤ ገበያውም ስለ እርሱ ምንም አልተናገረም። ዋጋው ውሸት አልነበረም። የማያውቀውን ነገር ነበር የተጠየቀው።

የግብርና ሚኒስቴር በበኩሉ የ1965 አዝመራ ክፉኛ እንደተጎዳ በጥናት ደርሶበት ነበር፤ ጥናቱ ግን ለሕዝብ አልወጣም። የመንግሥት ሬዲዮና ጋዜጦች ለወራት ዝም አሉ። ወደ አዲስ አበባ ያመሩትን ረሃብተኞች ፖሊስ ከመንገድ መለሳቸው። የረሃቡ ወሬ ዋና ከተማው ውስጥ በግልጽ የታየው፣ መስፍን ወልደ ማርያምን የመሰሉ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንስተው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ለእይታ ባቀረቡ ጊዜ ነው። ፎቶግራፉን የሚክድ ሰው የሚክደው ያነሳውን መምህር ነበር፤ መምህሩ ደግሞ ስሙም አድራሻውም ይታወቃል። መጽሐፍ አገላብጦ ወይም ከቢሮ ሰምቶ ሳይሆን ቦታው ደርሶ ያየ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ይህን ማድረግ እንጀራንም ነጻነትንም አደጋ ላይ መጣል ነበር። የምስክርነቱ ክብደትም ከዚህ ይመነጫል።

ከዚያ የእንግሊዙ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ መጣ። «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለው ፊልሙ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ታየ። ለለንደን ተመልካች በእርግጥም ያልታወቀ ነበር። ደሴ ላይ ግን በየአውራ መንገዱ ዳር የወደቀውን ሰው እየዘለለ ትምህርት ቤትና ሥራ የሚሄደው ሕዝብ፣ አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም ካወቀው።

የዚህ ፊልም ሁለተኛ ሕይወት ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳስባል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። ግን እንዳለ አልነበረም። በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ፣ ኬክና ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲያበሉ የሚያሳይ ምስል ገባበት። ረሃቡ እውነት ነው፤ ድግሱም እውነት ነው። ሁለቱ ተጋጥመው ሲቀርቡ ግን ለአንድ ቀን ፍርድ ተብሎ የተሰፋ ነገር ሆኑ። ከአሥር ዓመት በኋላ ያንኑ ፊልም ያሳየው መንግሥት፣ ወሎ እንደገና ሲራብ፣ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል ያደምቅ ነበር። የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ያነሱት ምስል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ዓለምን አስደነገጠ። ኮረም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር አካል ነበረች። በዚህም ጊዜ ነገሩን መጀመሪያ ያወቁት በእግራቸው የመጡት ነበሩ።

ወሎዬ ስለ ሩቅ ነገር ወሬ የሚሰማበት መንገድ ግን ከሬዲዮም ከፊልምም በፊት ነበር። ኮምቦልቻ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚዘልቀው መንገድና ከአሰብ በባቲ የሚመጣው መንገድ ይገናኛሉ። በዚህ ምክንያት የሹፌርና የረዳት አፍ ለረጅም ጊዜ የከተማዋ ጋዜጣ ሆኖ ኖሯል። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ የምትገኘው ባቲ ደግሞ በሰኞ ገበያዋ አፋርን፣ ኦሮሞንና አማራን ታገናኛለች። ከዚያ ቆላ በኩል የሚመጣው የአፋር ዳጉ ደግሞ ከተራ ወሬ የተለየ ሥርዓት አለው።

ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ባይተዋወቁ እንኳ፣ ቆመው ወይም ተቀምጠው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ስለ ሰዉ ጤና፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናብና ግጦሽ፣ ስለ ሰላምና ጠብ ይነጋገራሉ። ተቀባዩ ዝም ብሎ አይሰማም፤ ይጠይቃል። ራስህ አይተኸዋል? ካላየኸው ከማን ሰማኸው? መቼ? ነጋሪውም ያየውንና የሰማውን ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል። ውሸት ያስተላለፈ ሰው ከዚያ ወዲያ ቃሉ አይታመንም፤ ጎሳው ሊቀጣውም ይችላል። ይህ ጨዋታ ለማሳመር የሚደረግ አይደለም። ከብት ይዞ የሚንቀሳቀስ ሕዝብ ዝናብ ጥሏል ተብሎ የውሸት ወሬ ቢነገረው፣ ወደ ደረቅ መሬት ነድቶ ከብቱን ይጨርሳል። ዳጉ ጥብቅ የሆነው ስሕተቱ ሕይወት ስለሚያስከፍል ነው። ብዙ የዘመናዊ ዜና ተቋማት ምንጫቸውን ሲመረምሩ የሚጠይቁትን ጥያቄ፣ የባቲ ገበያተኛ ግመሉን ሳይፈታ ይጠይቀዋል።

ደሴ በዚህ መለኪያ የተለካችበት ትልቁ ቀን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለጦርነቱ ወደ ደሴ ከገቡ ገና ቀናት ቢሆናቸው ነው። የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ የሳር ቤቶቹ በተቀጣጣይ ቦምብ ነደዱ፤ የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታል ተመታ። ሮም ወታደራዊ ዒላማ ነው የመታሁት አለች። ማስተባበያው ግን ብዙ አልራቀም። ደሴ ውስጥ የውጭ ሐኪሞችና ጋዜጠኞች ነበሩ፤ የፈረንሳዩ ሃቫስ ዜና ወኪል ዘጋቢ ራሱ ቆሰለ። ሐኪሞቹ ያዩትን ጽፈው፣ ፈርመው፣ ለመንግሥታት ማኅበር ላኩ። በስም የተፈረመ የዐይን ምስክርነት ነበር።

ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ወራት አዲስ አበባ ሆቴሎች ውስጥ የተከማቹት በርካታ ጋዜጠኞች የላኩት ዜና ግን ሌላ መልክ ነበረው። ወደ ጦር ግንባር መሄድ ስላልተፈቀደላቸው ብዙዎቹ የሰሙትን አጋንነው፣ ያልሰሙትንም ጨምረው ይጽፉ ነበር። ከእነርሱ አንዱ፣ ለዴይሊ ሜይል የሚሠራው ኢቭሊን ዋው፣ ይህንን ሁሉ ወስዶ በ1938 እ.ኤ.አ. «ስኩፕ» የተባለ ልብ ወለድ ጽፎበታል። ደሴም ሄዷል፤ የደረሰው ግን ቦምቡ ከወደቀ በኋላ ነው።

ዋው ለጣሊያን ያደላ ነበር። የለንደኑ ታይምስ ዘጋቢ ጆርጅ ስቲር ደግሞ ለኢትዮጵያ ያዘነ ሰው ነበር። ሁለቱም በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ ጦርነት ሁለት የማይገናኙ መጻሕፍት አሳተሙ። ስቲር ኢትዮጵያን ስለ ወደደ ብቻ መጽሐፉ ውሸት አልሆነም፤ ስለ መርዝ ጋዙ የጻፈው እውነት መሆኑን ጣሊያን ራሷ በይፋ ያመነችው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፣ 60 ዓመት ቆይታ። ስለዚህ አንድ ዘጋቢ ለማን ያደላል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም ሁለተኛ ነው። የት ነበር፣ ምን አየ የሚለው ይቀድማል።

በቅርቡ ዘመን ይህ ጥያቄ ደሴ ላይ በሕይወት ጉዳይ ተጠየቀ። በሰሜኑ ጦርነት፣ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከቆቦ፣ ከወልድያና ከመርሳ የተፈናቀሉ ሰዎች በዚያው ጥንታዊ መንገድ መጥተው የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞሉ። ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የሕወሓት ቃል አቀባይ ጌታቸው ረዳ ደሴ በእጃችን ገብታለች አሉ። መንግሥት በዚያው ቀን አስተባበለ፤ ከተማዋ በእጃችን ናት አለ። ቤቱ ውስጥ ልጆቹን ይዞ ለተቀመጠ ሰው ከሁለቱ መግለጫ አንዱም አልጠቀመውም፤ እርሱ ማወቅ የፈለገው የሐረጎ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ክፍት መሆኑን፣ ተኩሱ ከየት በኩል እንደሆነ ነበር። ይህን የሚነግረው ከዚያ የመጣ ሰው ነው። በማግሥቱ ሕወሓት ኮምቦልቻንም ያዝኩ አለ። ስልክ ተቋረጠ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ቀንና ሌሊት ይደውላል፤ መልስ የለም፤ ባዶውን ቦታ የማኅበራዊ ሚዲያ ወሬ ሞላው። ኅዳር 16 በወጣው መመሪያ ደግሞ ስለ ጦሩ እንቅስቃሴና ስለ ውጊያ ውጤት ከመንግሥት ከሚወጣው ውጭ ማሰራጨት ተከለከለ። ለጦርነት ጊዜ ምክንያት ሊቀርብለት ይችላል። ነገር ግን ሕዝቡ የሚያምነው አንድ ምንጭ ብቻ እንዲኖረው ሲታዘዝ፣ ምንጩን ከሌላ ጋር አስተያይቶ የሚፈትንበት መንገድ ይዘጋበታል፤ ያን ጊዜ እውነተኛው መግለጫ ራሱ ይጠረጠራል።

ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ መመለሳቸው የተነገረው ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጋዜጠኞች ገብተው የደሴን ሆስፒታል ዝርፊያ በዐይናቸው ያዩት፤ የተባበሩት መንግሥታትም ኮምቦልቻ የነበረው የእርዳታ እህል መዘረፉን ያስታወቀው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በአማራና በአፋር ክልሎች ከ700 በላይ ሲቪሎች መገደላቸውን አስፍሯል። ሪፖርቱ ከተጎጂዎችና ከዐይን እማኞች ቃል የተሰበሰበ ሲሆን፣ የሁለቱንም ወገኖች በደል በየቦታውና በየጊዜው ለይቶ መዝግቧል።