አንኮበር ላይ ማደር

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል በገብስ ማሳና በብርድ መሀል የተጓዘ ሰው መሬቱ በድንገት ያልቅበታል። ደጋው እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ ገደል ሆኖ ይቀራል፤ ከታች የይፋት ቆላ፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር በረሃ በጭጋግ ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል። ጎረቤላ ያለችው እዚህ ጠርዝ ላይ ነው። የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ጽሕፈት ቤቱም፣ ሱቁም፣ ሻይ ቤቱም፣ የመኪና መናኸሪያውም እዚህ ነው። በታሪክ መጽሐፍ "አንኮበር" ተብሎ የሚጠራው ቦታ ግን ከዚህ ራቅ ብሎ የሚታየው ሾጣጣ ኮረብታ ነው። ሸዋ የራሷ ንጉሥ በነበራት ዘመን ዙፋኑ የተዘረጋው እዚያ አናት ላይ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አመሻሽ ላይ ኮረብታውን ወጣሁ። መኪና እስከ አናቱ አይደርስም፤ የመጨረሻው መንገድ የእግር ነው። ሻንጣዬን አንድ የሰፈሩ ወጣት ተሸክሞልኝ እኔ በየአሥር እርምጃው እየቆምኩ፣ እሱ ግን እያፏጨ ደረስን። ላይ የጠበቀኝ የአንኮበር ፓላስ ሎጅ ነው፤ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ቦታ ላይ የድሮውን አሠራር አስመስሎ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ። ገንዘቡን የከፈለ ሁሉ ንጉሡ ባደረበት ኮረብታ ላይ ያድራል። ሌሊት በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ነፋሱን ስሰማ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ለመሆኑ ከእኔ በፊት እንግዳ ሆኖ አንኮበር ያደረው ማነው? በምን ሂሳብስ አደረ?

ነገሩ ከንግድ ይጀምራል። አንኮበር "በር" የተባለችው በከንቱ አይደለም። በታጁራ ወደብ ከመርከብ የወረደ ዕቃ በአሳል ሐይቅ አጠገብ አልፎ፣ በረሃውን በግመል ሰንጥቆ ሳምንታት ከተጓዘ በኋላ የሚደርሰው ከአንኮበር በታች ካለችው ከአልዩ አምባ ነበር። ግመል ዳገት አይወድም። ከቆላው ጫፍ ላይ ሸክሙ ይራገፍና በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ አልዩ አምባ ባሕር የሌላት ወደብ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ባሕሯ በረሃው፣ መርከቧ ግመል ነው። ዓርብ ዓርብ በሚቆመው ገበያዋ የሐረር ነጋዴ፣ የአፋር ጨው አምጪ፣ የደጋ ገበሬ ይገናኙባታል። ቡና፣ ጨው፣ ጨርቅ ይሸጣል። በዚያው አካባቢ አብዱል ረሱል በሚባለው ገበያ ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር። ስለ ድሮዋ አንኮበር በናፍቆት የሚያወሩ ሰዎች ይህችን ሲዘሏት ሰምቻለሁ።

የበሩ ጠባቂ ንጉሡ ነው። ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን ሲገዙ ከቆላው የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ገና ደጋውን ሳይረግጥ በይፋቱ ገዥ በወላስማ መሐመድ እጅ ያልፍ ነበር። ጥያቄው ብዙ ነው፤ ማነህ? ምን ይዘሃል? ማን ላከህ? ከቤተ መንግሥት ፈቃድ እስኪመጣ እንግዳው ይጠብቃል። ፈቃዱ ሲመጣ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ባልደራባ ይመደብለታል፤ ድርጎ ይቆረጥለታል፤ እንጀራው፣ ጠጁ፣ በጉ በየጊዜው ከንጉሥ ቤት ይመጣለታል። ለማደሪያው አንዲት አሞሌ አይከፍልም። የማይፈቀድለት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እንዳሻው ወጥቶ መሄድ።

በ1831 ዓ.ም. የመጡት ሚስዮናውያን ኢዘንበርግና ክራፕፍ፣ በዚያው ዘመን የደረሰው ፈረንሳዊ ሮሼ ዴሪኩር ሁሉም ይህን ዓይነት መስተንግዶ ቀምሰውታል። ከሁሉ ይልቅ በዝርዝር የጻፈው ግን የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ በ1833 ዓ.ም. ክረምት የገባው ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ ነው። ከቦምቤይ በመርከብ ተነስቶ፣ ወታደሮች፣ ሐኪምና ሠዓሊ አስከትሎ፣ መድፍና ጠመንጃ ለንጉሡ ስጦታ ይዞ ነበር የመጣው። ኅዳር 1834 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ሃሪስ በመጽሐፉ በዚህ ውል እጅግ ይኩራራል። በእሱ አነጋገር አንድ ጊዜ የገባ እንግዳ እንዳይወጣ የሚከለክለው የቆየ ልማድ በውሉ ተሻረ፤ በሸዋ የሞተ የባዕድ አገር ሰው ንብረትም ለንጉሡ መሆኑ ቀረ።

አንባቢ ይህን ሲሰማ "እስር ቤት ነበር ማለት ነው" ይል ይሆናል። እኔ እንደዚያ ብዬ አልፈርድም። ሣህለ ሥላሴ የዋህ አልነበሩም። ጠመንጃ የያዘ እንግዳ አገር ለማየት ብቻ እንዳልመጣ፣ ስጦታም ዋጋ እንዳለው ያውቁ ነበር። በእርግጥም ከአንኮበር ብዙም በማይርቀው ጎንቾ ላይ የገዛ ወንድሞቻቸውን በግዞት ያኖሩ ንጉሥ፣ ፈረንጁን በባልደራባ ማስጠበቃቸው ሊያስደንቅ አይገባም። ቤተ መንግሥታቸው እንግዳ የሚያሳድረውም ዘመድ የሚያስረውም በአንድ ብልሃት ነው።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። የሃሪስ ሰዎች፣ ከእነሱም ካፒቴን ግራሃም የሚባለው፣ ከአንኮበር አጠገብ ባለው መሐል ወንዝ ለንጉሡ በአውሮፓ "ጎቲክ" አሠራር ቤት ሠሩላቸው። መሐል ወንዝ ንጉሡ ከከተማው ግርግር ገለል የሚሉበት ቦታ ነበር። እንግዲህ ዛሬ እንግሊዞች በባሕር ዳርቻ ለዕረፍት የሚከራዩትን የመሰለ ጎጆ ቤት የሸዋ ንጉሥ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ነበራቸው ማለት ነው! ያ ቤት እንደ ቅርስ ቆሞ ቢሆን ስንቱ ባየው።

ለድሃው እንግዳ ግን ሌላ ሂሳብ ነበር። ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1834 ዓ.ም. ሲመጣ እንደ ሃሪስ ጭፍራ አልነበረውም። ንዳድ ይዞት ብዙ ጊዜውን ያሳለፈው በአልዩ አምባ ነው። ከገበያተኛው መሀል ኖረ። ለእኔ ከሃሪስ ይልቅ የእሱ መጽሐፍ ይበልጥብኛል፤ ሃሪስ አገሩን ከበቅሎ ጀርባ ሲያይ ጆንስተን ከመደብ ላይ ተኝቶ አይቶታልና።

በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው የአያታቸውን ዙፋን ከያዙ በኋላ የእንግዳው ዓይነት ተለወጠ። በ1869 ዓ.ም. የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር የላከው ማርኪዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ደረሰ። ዕድሜው ከስልሳ አምስት ዓመት የማያንስ፣ ወፍ ሰብሳቢ፣ በአደን ላይ በደረሰበት አደጋ እጁ የቆሰለ ሽማግሌ ነበር። ምኒልክ ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ሰጡት። ስሙ ራሱ ማረፊያ ነው። ኢጣሊያኖቹ እዚያ ቤት ሠሩ፣ ዝናቡን ለኩ፣ ዕፅዋትና አዕዋፍ ሰበሰቡ፣ ሕመምተኛ አከሙ። አንቲኖሪ አገሩ ሳይመለስ ነሐሴ 1874 ዓ.ም. እዚያው ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ቋንቋችን ለዕረፍትም ለሞትም አንድ ቃል አለው፤ ሽማግሌው በማረፊያው ዐረፈ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን በልጥ ማረፊያ በር የገባው ወፍ ሰብሳቢ ብቻ አልነበረም። ከጣቢያው ሰዎች ጋር ሸዋ የደረሰው ኮንት ፔትሮ አንቶኔሊ የምኒልክ ወዳጅ ሆነ፤ በ1881 ዓ.ም. የውጫሌን ውል የተፈራረመውም እሱ ነው። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ምን እንዳመጣ አንባቢ ያውቀዋል። ለዕረፍት በተሰጠ መሬት ላይ የተጀመረው ወዳጅነት አድዋ ላይ አከተመ፤ ጣቢያውም ከጦርነቱ በፊት ባዶ ቀርቶ ነበር። ሣህለ ሥላሴ "ማን ላከህ?" እያሉ ማስጠየቃቸው ያለ ምክንያት አልነበረም ያሰኛል።

በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ አጋማሽ ላይ አንድ ሌላ እንግዳ መጣ። ግጥም መጻፉን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ አርቱር ራምቦ ነው። ከታጁራ ጠመንጃ በግመል ጭኖ፣ በረሃውን አቋርጦ አንኮበር ሲደርስ ገዢው የለም፤ ምኒልክ ሐረርን ለመያዝ ዘምተዋል። ራምቦ ወደ እንጦጦ ቀጠለ፤ ምኒልክ ከዘመቻ ሲመለሱ ሒሳቡን ያደረገው እዚያ ነው፤ የሚያስደስት ሒሳብም አልነበረም። ይህ ጉዞ የአንኮበር ፍጻሜ ምልክት ነው ማለት ይቻላል። ንጉሡ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ሄደዋል። ሐረር በእጃቸው ገብታለች። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ደግሞ በአልዩ አምባ በኩል የሚመጣው ግመል ምን ያደርጋል? በሩ አልተዘጋም፤ የሚያልፍበት ጠፋ እንጂ። ኮረብታው ላይ የግንብ ቁራጭና ሣር ቀረ። አብያተ ክርስቲያናቱ ጸኑ፤ ሰው ግን ቀስ በቀስ መንገድ ወዳለበት ወደ ጎረቤላ ተሳበ።

እንዲህ ያለ ዕጣ የገጠማት አንኮበር ብቻ አይደለችም። በእንግሊዝ ደሴት ምዕራብ በዌልስ ባሕር ዳርቻ ፖርትማዶግ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ከተራራው የሚወጣውን የቤት ክዳን ድንጋይ ወደ ዓለም ሁሉ በመርከብ ትልክ ነበር። የድንጋዩ ንግድ ሞተ። ድንጋይ ያመላልስ የነበረው ትንሽ ባቡር ዛሬ አገር ጎብኚ ያመላልሳል። በዚያ ዳርቻ የመርከበኛና የዓሣ አጥማጅ ቤት የነበሩት ጎጆዎች የከተማ ሰው የዕረፍት ቤት ሆኑ፤ በበጋ ይሞላሉ፣ በክረምት ጨለማ ናቸው። የቤት ዋጋ ከአገሬው ልጅ አቅም በላይ ሲሆን ቁጣ ተነሣ። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ "የግሊንዱር ልጆች" ነን የሚሉ ሰዎች ከሁለት መቶ በላይ እንዲህ ያሉ ቤቶችን አቃጠሉ። መንግሥትም በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የአካባቢ ምክር ቤቶች በሁለተኛ ቤት ላይ እስከ 300 በመቶ ተጨማሪ ግብር እንዲጥሉ ፈቀደ። የዌልስ ሰው ቅሬታ እንግዳ መጣ የሚል አይደለም፤ አስተናጋጅነታችንን ተነጠቅን የሚል ነው።

አንኮበር ከዚያ ሩቅ ናት። ማንም ከመኖሪያው ሲገፋ አላየሁም፤ ባዶ ኮረብታ ነው ቤት የተሠራበት። ያ ማረፊያ ባይኖር እኔም ከጎረቤላ ሻይ ጠጥቼ ወደ ደብረ ብርሃን እመለስ ነበር። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ቤተ መንግሥት መስሎ በተሠራ ቤት ውስጥ ያደረ እንግዳ ቤተ መንግሥቱን ያየ ይመስለዋል። እውነተኛው የቀረው ዝናብ የሚመታው የግንብ ቁራጭ ነው። እንግዳው ፎቶግራፍ የሚነሳው ከአዲሱ ጋር ነው፤ አሮጌው ዳር ቆሞ ያያል።

በማግስቱ ጠዋት ስወርድ በጎቻቸውን የሚጠብቁ አዛውንት አገኘሁ። ሰላምታ ተለዋወጥንና "አባባ፣ አንቱ ላይ ቤት አድረው ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"እኔ? የራሴ ቤት እያለኝ ምን በወጣኝ!" ብለው ሳቁ። ትንሽ ቆይተው "በእኛ ጊዜ የመሸበት እንግዳ የእግዜር እንግዳ ነበር ልጄ። ዋጋ አንጠይቅም፤ ከወዴት መጣህ ብለን ግን እንጠይቃለን። አሁን ዋጋ ይጠየቃል፤ ከወዴት መጣህ የሚል የለም" አሉኝ።

ከዚያም ከወዴት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። የአባቴን ስም፣ የአያቴን አገር፣ ሚስት ማግባት አለማግባቴን ሁሉ ነገርኳቸው። ወላስማ መሐመድም ከዚህ የበለጠ የጠየቁ አይመስለኝም።

እኔ ሳድር ከነበሩት እንግዶች አብዛኞቹ ወፍ ሊያዩ የመጡ ናቸው። ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1979 የመዘገባት፣ በእንግሊዝኛ ስሟ በአንኮበር የተጠራች አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ በእነዚህ ገደሎች ላይ ትኖራለች። አንቲኖሪ አምስት ዓመት ልጥ ማረፊያ ተቀምጦ ወፍ ሲለቅም ከመዝገብ ያመለጠች ወፍ መሆኗ ያስቀኛል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ከበደ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ውጊያ ተቀስቅሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ አንኮበር ለማደር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ስልክ ደውሎ የሚጠይቀው ስለ አልጋ ዋጋ መሆኑ ቀረ። "መንገዱ እንዴት ነው?" ነው የሚለው። ባለፈው እኔም ደውዬ ነበር። ሻንጣዬን የተሸከመው ወጣት ስልኩን አነሳ፤ ደኅና መሆኑን ነገረኝ። አዛውንቱስ ብዬ ጠየቅሁት። "አሉ፤ ያ ልጅ ሚስት አገባ ወይ ይላሉ" አለኝ።