በወንጌል ኅዳግ የተጻፈ ታሪክ

አፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ በነሐሴ 1864 ዓ.ም.፣ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። ከጠየቁት ነገር አንዱ መጽሐፍ ነበር፤ ክብረ ነገሥት። የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከዘረፋቸው መጻሕፍት ወደ 350 የሚጠጉት ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ገብተው ነበር፤ ክብረ ነገሥቱም ከእነሱ ጋር ሄዷል።

ክብረ ነገሥት በሀገሪቱ አድባራት ቅጂው የሚታጣ መጽሐፍ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ጸሐፊ አዝዘው ማስገልበጥ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ያንኑ ራሱን ፈለጉ። ምክንያታቸውን አልደበቁም። መጽሐፉ የሀገሪቱን ሕግ፣ የሹማምንቱን፣ የአብያተ ክርስቲያናቱንና የአውራጃዎቹን ስም የያዘ ስለሆነ፣ ያለ እሱ ሕዝቡ ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል ገለጹ። ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ስለነበረው አንዱን መለሰ።

ዋናው ጽሑፍ ለምን ይከበራል ለሚል ሰው መልሱ እዚህ ውስጥ አለ። ጥንታዊ መጽሐፍ ከሚነበበው ቃል ሌላ በላዩ የተመዘገበ ውል፣ ምስክርና ሥልጣን ይሸከማል። ገልባጭ ቃሉን ይወስዳል፤ ምስክርነቱ ግን ከብራናው ጋር ይቀራል።

ጎጃም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ነገሥታት፣ መኳንንትና ወይዛዝርት ለደብር ጉልት ሲሰጡ የስጦታው ቃል በደብሩ ወንጌል ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር። ከጎንደር ዘመን ወዲህ የርስት ሽያጭ፣ ውርስና የክርክር ፍርድ እየተጨመረበት ሄደ። መሬቱ፣ ሻጭና ገዢው፣ ዋጋው፣ ዳኛው፣ ዋሱና ምስክሮቹ በስም ይጠራሉ። ያፈረሰው ሰው በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይሁን የሚል ቃልም ብዙ ጊዜ ይከተላል። ሕዝቡ የሚሳለመው መጽሐፍ ስለሆነ በቀላሉ የሚደፍረው አልነበረም።

የደፈረም ቢኖር ብራናው ያጋልጠዋል። ብራና ቆዳ ነው፤ ስም ፍቆ ሌላ ስም መጻፍ ይቻላል። የተፋቀው ቦታ ግን ይሳሳል፣ ይሻክራል፤ አዲሱ ቀለምም ከጎረቤቱ ጋር አይስማማም። ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ያየ ሰው የት ላይ እጅ እንደገባበት ያውቃል። የኋላ ሰው የጨመረው መስመርም በፊደሉ አጣጣል ይለያል። ያው ጽሑፍ በማተሚያ ቤት ሲታተም ግን የጥንቱና የኋላው፣ የተነካውና ያልተነካው አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል።

የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ በጎንደርና በጎጃም የመሬት ሥሪት ላይ ያሳተመው ትልቅ ጥናት በአብዛኛው የቆመው በእነዚህ የኅዳግ ጽሑፎች ላይ ነው። ሀብታሙ መንግሥቴም ከምሥራቅ ጎጃም አድባራት መዛግብት ተነሥቶ፣ በባለ መሬት ጌቶች ሥር ያድሩ የነበሩ «ዜጋ» የሚባሉ ሰዎችን ኑሮ አሳይቶናል። ዜና መዋዕል ስለ ነገሥታት ዘመቻ ይተርካል፤ የእነዚህን ሰዎች ነገር ያቆየልን የወንጌሉ ኅዳግ ነው።

አንድ ደብር ተመሳሳይ መጽሐፍ ሁለት ቢኖረው ሁለተኛው ትርፍ አይደለም። የመጽሐፈ ሄኖክ ታሪክ ይህን ያሳያል። ከመራዊ በስተደቡብ፣ ሰከላ ላይ ወደሚገኘው ግሽ ዓባይ እ.ኤ.አ. በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ሀገሩ ሲመለስ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ነበር። አውሮፓ ሙሉውን መጽሐፍ ካጣች ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻዎች የአረማይስጥ ቁርጥራጮቹ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገኙ፣ ሊቃውንት የግእዙን ቅጂዎች ከእነሱ ጋር አስተያዩ። አንዱ ጸሐፊ የዘለለውን ሌላው ጠብቆት ሊገኝ ስለሚችል እያንዳንዱ ብራና የራሱ ዋጋ አለው።

ዋናው ክብር ያለው ብራና ብቻም አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውሞ ሲነሣ፣ ነገሩ አቤቱታ፣ ደብዳቤና የግብር ደረሰኝ የሚባል ዱካ ትቷል። መጻፍ የማይችል ገበሬ በአቤቱታ ላይ ያሳረፈው የአውራ ጣት አሻራ የእሱ የራሱ ቃል ነው። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ እስከ መራዊ በየመዝገብ ቤቱ የተከመረ አሮጌ ፋይል በጽዳት ስም ሲቃጠል እንዲህ ያለ ቃልም አብሮ ይነዳል።

ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ በተካሄደው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ተነሥተው፣ ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታም ተቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን በእነሱ ዝርዝር ላይ አሳልፈዋል። ፊልሙ ትልቅ ውለታ ነው፤ ዋናው ቢጠፋ ቃሉን ያተርፋል። የብራናውን ፍቀትና የቀለሙን ልዩነት ግን በጥቁርና ነጭ ፊልም መመርመር ያስቸግራል። ፎቶ ተነሥቷልና ዋናው ቢጎዳም ግድ የለም ማለት ስለዚህ ስሕተት ነው።

ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179ም በ1991 ዓ.ም. ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አዋጅ ግን ከሚያፈስ ጣሪያ፣ ከአይጥ፣ ከእሳትና ከሌባ በራሱ አያድንም። ገጠሩን የሚያድነው በየቦታው የሚሠራ ሥራ ነው። ደብሩ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ባሉበት መጻሕፍቱን ይቁጠር፤ የቅጠሉን ብዛት፣ የኅዳጉን ጽሑፍና የጉዳቱን መጠን ይመዝግብ፤ ዝርዝሩንም ለሀገረ ስብከቱና ለባህል ጽሕፈት ቤቱ ያስረክብ። የወረዳ መዝገብ ቤትም ባለሙያ ሳያየው አንድም አሮጌ ፋይል አያስወግድ። በዝርዝር ያልተያዘ መጽሐፍ ከገበያ ቢገኝ እንኳ የእኛ ነው ብሎ ማስመለስ ይከብዳል። ቆጠራው ደግሞ ደብተር፣ እስክሪብቶና ጥቂት ታማኝ ሰዎች ይበቁታል፤ በዚህ ዓመት ሊጀመር ይችላል።