የባሕር መዝገብና ጠባቂዎቹ

የባሕር ውሃ ዛሬ ካልተለካ የዛሬው ልክ ነገ ሊገኝ አይችልም። ሙቀቱም ጨውነቱም ያልፋል፤ የሚቀረው በጽሑፍ የሰፈረው ብቻ ነው። ስለዚህ የውቅያኖስ ጥናት ታሪክ የመርከበኞች ብቻ ሳይሆን የመዝገብ ጠባቂዎችም ታሪክ ነው።

ይህን አስቀድመው ከተረዱት አንዱ አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኰንን ማቲው ሞሪ ነበር። ሞሪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1842 ዓ.ም. የባሕር ካርታና የመሣሪያ ግምጃ ቤት ኀላፊ በሆነ ጊዜ፣ መርከቦች ያስረከቧቸው የጕዞ መዝገቦች ተከማችተው አገኘ። እነዚህንም አስመርምሮ ከ1847 ጀምሮ የነፋስንና የባሕርን ፍሰት የሚያሳዩ ካርታዎች አሳተመ፤ መርከበኞችም በዚህ መንገዳቸውን አሳጠሩ።

ከዚያ በኋላ ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ውቅያኖሶችን እየዞረች፣ በ362 ሥፍራዎች እየቆመች መረመረች። ውጤቱም በ50 ቅጾች ታተመ። በ2012 ተመራማሪዎች ያንን የቈየ የሙቀት ልክ አርጎ ከሚባሉት ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ከተገኘው ጋራ ቢያስተያዩት፣ ከላይ እስከ 700 ሜትር ጥልቀት ውሃው በአማካይ 0.33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል መሞቁ ታወቀ። የጥንቱ ቴርሞሜትር በጥልቅ ውሃ ግፊት የሚሳሳት ነበር፤ ዳሩ ግን የአለካኩ ሥርዐት ተጽፎ ስለ ቈየ ስሕተቱን መገመት ተቻለ።

የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ የሚያዋስነውን የህንድ ውቅያኖስም ብዙ አገሮች ከ1959 እስከ 1965 በኅብረት አጥንተውታል፤ ልኬታቸው ተሰብስቦ በ1971 በክላውስ ዊርትኪ አዘጋጅነት አትላስ ሆኖ ወጣ።

ሁሉም መዝገብ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። ሳይታተም በሣጥን የቀረ፣ ወረቀቱ የሻገተ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ብዙ ነው። ስለዚህ በ1993 በዩኔስኮ ሥር ያለው የመንግሥታት የውቅያኖስ ጥናት ኮሚሽን የቈዩ መዝገቦችን ፈልጎ የማዳን ሥራ ጀመረ። በእጅ የተጻፈው ወደ ኮምፒዩተር እየተገለበጠ፣ በሚሊዮን የሚቈጠር ልኬት ለተመራማሪዎች ሁሉ ክፍት ሆነ።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የውቅያኖሱ መዝገብ ታሪክ በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ይኸውም የተጻፈው እንኳ ጠባቂ ካላገኘ የማይወረስ መሆኑን ነው። ቍጥር ብቻውን ድዳ ነው፤ የሚናገረው ቀኑ፣ ሥፍራውና የተለካበት መሣሪያ አብረው ሲጻፉ ነው። ይህን ልማድ ከትምህርት ቤት የዝናም መለኪያና ከተማሪው ደብተር መጀመር ይቻላል፤ ዛሬ በጥንቃቄ የተጻፈ ገጽ ገና ያልተወለደ ሰው ለሚጠይቀው ጥያቄ መልስ ሊሆን ይችላልና።