በማግሥቱ የተሻረ ፍርድ

በቁጣ ሰዓት የተቈረጠውን ነገር እንደገና መመርመር የድካም ምልክት መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። የክርክርን ጥቅም ከታሪክ ለመረዳት የሚሻ ግን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 ዓመት የአቴና ሸንጎ በሁለት ተከታታይ ቀኖች ያደረገውን ጉባኤ ይመልከት።

በሌስቦስ ደሴት የምትገኘው የሚቲሊኒ ከተማ የአቴና የቃል ኪዳን ጓደኛ ነበረች። አቴና ከስፓርታ ጋር ስትዋጋ ሳለች፣ በ428 ዓመት ከዳች፤ በዓመቱም ተከባና ተርባ ለጦር አዛዡ ለፓኬስ እጅዋን ሰጠች። የአቴና ሕዝብም እጅግ ስለ ተቈጣ፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ወንዶች ሁሉ እንዲገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናትም ባሪያ እንዲሆኑ ፈረደ፤ ትእዛዙን የያዘ መርከብም ወዲያው ተላከ።

በማግሥቱ ግን መላውን ከተማ ማጥፋት ጭካኔ መሆኑን ብዙዎች አስበው ስለ ተጸጸቱ፣ ሸንጎው ዳግመኛ ተሰበሰበ። ክሌዖን፣ የተቈረጠ ነገር ሊናወጥ አይገባም፤ ከዳተኛ ካልተቀጣም ሌሎች ይደፍራሉ ሲል ተከራከረ። ዲዮዶቶስ ግን የከተማዪቱን በደል አልካደም፤ ርኅራኄንም አልለመነም። የሚመረመረው የእነርሱ በደል ሳይሆን ለአቴና የሚበጀው ነገር ነው አለ። የሞት ቅጣት በተስፋ የታለለውን ሰው ከማመፅ አያግደውም፤ እጁን የሰጠ ሁሉ የሚጠፋ ከሆነም፣ ወደ ፊት የሚያምፅ ከተማ እስከ መጨረሻው ይዋጋል፤ የፈረሰ ከተማም ግብር አይከፍልም። ደግሞም መኳንንቱን እጅ እንዲሰጡ ያስገደዳቸው ተራው ሕዝብ ነውና፣ እርሱ ከተገደለ በየአገሩ ያለው ሕዝብ ከአቴና ጠላቶች ጋር ይተባበራል ሲል አስረዳ።

እጅ በማንሣት ድምፅ ሲሰጥ ሁለቱ ወገኖች ሊተካከሉ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር፤ ሆኖም ዲዮዶቶስ ረታ። ሁለተኛው መርከብ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያህል ዘግይቶ ተነሣ። ቀዛፊዎቹ በወይንና በዘይት የተለወሰ የገብስ ዱቄት እየቀዘፉ በሉ፤ በየተራም ተኙ። የፊተኞቹ ግን መልእክቱ ስላስከፋቸው አልቸኰሉም ነበር። ፓኬስ ትእዛዙን አንብቦ ሊፈጽም ሲሰናዳ ሁለተኛው መርከብ ደረሰ፤ ከተማዪቱም ዳነች። የዓመፁ መሪዎች ግን በክሌዖን አሳብ ተገደሉ፤ ቱኪዲዴስ እንደ ጻፈው ቁጥራቸው ከ1,000 ጥቂት ይበልጣል።

አቴና ትምህርቱን አልጠበቀችም። በ416 ዓመት የከበበቻትን የሜሎስን ደሴት በያዘች ጊዜ ወንዶቹን ገደለች፤ ሴቶቹንና ሕፃናቱን ለባርነት ሸጠች፤ ያን ጊዜ ፍርዱን የሚሽር ሁለተኛ መርከብ አልነበረም።

እንግዲህ በሌላው ሰው ዕድል ላይ የሚፈርም ሁሉ፣ የቀረበልኝ ጥያቄ በእውነት የትኛው ነው? ተቃዋሚዬ ያቀረበው ምክንያትስ ምንድር ነው? ብሳሳት ልመልሰው እችላለሁን? ብሎ አስቀድሞ ራሱን ቢጠይቅ፣ የእነዚያን ቀዛፊዎች ድካም ያተርፋል።