የደም መርጋት፣ ዘረ-መል እና “ብሔር” የሚለው መጠይቅ

ከቁስል የሚፈስን ደም የሚያቆመው መርጋት፣ ያለ ቦታው በደም ሥር ውስጥ ሲከሰት ይገድላል። ብዙውን ጊዜ በእግር ጥልቅ የደም ሥሮች ይጀምርና ተቆርሶ ወደ ሳምባ ይሄዳል። ቀዶ ሕክምና፣ ለረጅም ጊዜ መተኛት፣ እርግዝናና ወሊድ፣ ካንሰር ለዚህ ያጋልጣሉ፤ የዘር ውርስም ድርሻ አለው።

ከውርሶቹ ታዋቂው “ፋክተር ፋይቭ ላይደን” ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1994 ከተለየባት የሆላንድ ከተማ ነው። ለውጡ ያለበት ሰው ደሙ መርጋት ከጀመረ በኋላ ማቆሚያው በወጉ አይሠራለትም። ከአውሮፓውያን ከመቶ 5 ያህሉ ሲይዙት፣ በአፍሪካውያን ዘንድ ብርቅ ነው። ታዲያ “እኛን አይመለከተንም” ለማለት የሚቸኩል አይጠፋም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ጥቁሮች በደም መርጋት የሚያዙት ከነጮች በበለጠ መጠን ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ጉዳይ ያለው ከመድኃኒቱ ላይ ነው። ዋርፋሪን፣ ደም ለመርጋት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኬ መልሶ ለሥራ የሚያበቃውን ኢንዛይም ያግዳል (ጎመን የሚያዘወትር ሕመምተኛ ለሐኪሙ እንዲናገር የሚመከረው በዚሁ ቫይታሚን ምክንያት ነው)። እ.ኤ.አ. በ2007 የእስራኤል ተመራማሪዎች፣ በዚህ ኢንዛይም ዘረ-መል ላይ ያለ አንድ ለውጥ የሚያስፈልገውን ዋርፋሪን በሳምንት ከ43 ወደ 81 ሚሊ ግራም ገደማ እንደሚያሳድገው ጻፉ። ለውጡ ከኢትዮጵያ በሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ በ15 በመቶው፣ በአሽከናዚ አይሁድ ዘንድ በ4 በመቶው ተገኘ። በዓመቱ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ለውጡ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የተለመደ መሆኑን አሳተሙ።

እንግዲህ ከጎብዬ የመጣች አራስ እግሯ ላይ ደም ረግቶባት ዋርፋሪን ታዘዘላት እንበል (ለምታጠባ እናት የሚስማማ መድኃኒት ነው)። ካርዷ ላይ ብሔሯ ቢጻፍ ለሐኪሙ ምን ይነግረዋል? የራያ ቆላ አማርኛና ትግርኛ የሚነገርበት፣ የኦሮሞ የዘር ሐረግ የሚቆጠርበት፣ ከአፋር ጋር የሚዋሰን አገር ነው። ለቤተ እስራኤላውያን የተገኘው አኃዝ ለእርሷ ይሠራል ብንል እንኳ 85 በመቶው ለውጡ የለበትም ማለት ነው። በእኛ በሕግ ሰዎች ቋንቋ ይህ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ለዚያውም ደካማ ግምት። በእርሱ ተመርቶ መጠኑ ቢጨመርላትና ለውጡ የሌለባት ብትሆን ትደማለች። በተለመደው መጠን ብትተውና ለውጡ ያለባት ብትሆን ደግሞ ሌላ መርጋት ሊከተል ይችላል።

ማስረጃው አይ.ኤን.አር. የተባለው የደም ምርመራ ነው። ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ ይለካል፤ እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ውጤቱ ከ2 እስከ 3 መሆን ይኖርበታል። የዘረ-መል ላቦራቶሪ ባይኖርም የዘረ-መሉን ሥራ ያሳያል። መጠኑ እየጨመረ ሄዶ ቁጥሩ አልነሳ ካለ፣ “መድኃኒቱን በትክክል እየዋጥሽ አይደለም” ብሎ ከመቆጣት በፊት ይህ ለውጥ ሊታሰብ ይገባል።

ምርመራው ግን መጀመሪያ ላይ በየጥቂት ቀናት መደጋገም አለበት። ስለዚህ ሐኪሙ ከብሔሯ አስቀድሞ ሊጠይቃት የሚገባው ጨቅላ ታቅፋ፣ ለመኪና ከፍላ በሳምንት ስንት ጊዜ መመላለስ እንደምትችል ነው።